ያላየሁትን የጻፍኩበት ካርድ

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ሳን ሆዜ በሚገኘው ቢሯችን ኬክ ተቆረሰ፤ ማናጀሩ ዶን በወረቀት ብርጭቆ የፖም ጭማቂ ይዞ ንግግር አደረገ። «ታይ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም የውሸት ካርድ አልጻፈም» አለ። ስሜ ታዬ መሆኑን ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ፤ ኋላ ተስፋ ቆርጬ ተውኩት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዬን ሳይ ቆየሁ። እነሱ ትሕትና መሰላቸው። «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናችሁ፣ ስትመሰገኑ ታፍራላችሁ» አለችኝ ስልክ ተቀባይዋ። ማፈሬን አውቃለች፤ ምክንያቱን ነው የሳተችው።

የሥራ ዘመኔን ልጻፍ ብዬ ስነሳ ከአንዲት ካርድ መሸሽ አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ሥራ ቫኔና ስለ ኦክላንድ ድልድይ ትራፊክ ብዙ ገጽ ጽፌ፣ ዋናውን ነገር ሳልነካ ቀደድኩት። አሁን ግን ከመጀመሪያው ልናገረው።

አሜሪካ የመጣሁት በጃንሆይ ጊዜ፣ መካኒካል ኢንጂነሪንግ ልማር ነው። አብዮቱ ሲፈነዳ ስኮላርሺፑ ተቋረጠ፤ ዲግሪዬም ሁለት ሴሚስተር ሲቀረው እዚያው ቀረ። ኦክላንድ ያሉት ያገሬ ሰዎች ግን «ኢንጂነር» እያሉ ይጠሩኝ ነበር። አንድም ቀን አላረምኳቸውም። ለቅሶ ቤት ስገባ «ኢንጂነር መጡ፣ ቦታ ልቀቁላቸው» ሲባል ደስ ይለኝ ነበር። ይህን የማነሳው ኋላ የሆነው ነገር ከየት እንደበቀለ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከዚያ ብዙ ዓመታት ዳውንታውን ኦክላንድ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ስቆርጥ ቆየሁ። አንድ ቀን ጋዜጣ ላይ የፎቶኮፒ ማሽን ጠጋኝ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ አመለከትኩ። ኩባንያው የጃፓን ነው። ደመወዙ ከትኬቱ ይሻል ነበር፤ ከደመወዙ ይልቅ ግን ክራባት አስሮ መሥራቱ ነው የሳበኝ።

ያሠለጠኑን ኖዳ የሚባሉ፣ ከጃፓን ፋብሪካ ተልከው መጥተው እዚሁ የቀሩ አጠር ያሉ ሰው ነበሩ። ከኔ በአሥር ዓመት ይበልጣሉ። ኖዳ-ሳን ነበር የምንላቸው፤ «ሳን» በጃፓንኛ «አቶ» እንደ ማለት ነው። ከቢሮው ሰው ስሜን አስተካክለው የሚጠሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። በመጀመሪያው ሳምንት ማሽን አላስነኩንም፤ የኩባንያውን ታሪክ አስተማሩን እንጂ።

መሥራቹ የገጠር አንጥረኛ ነበር አሉን። መጀመሪያ የሠራው የሩዝ ማሳ የሚያጠጣ ፓምፕ ነው። ከፓምፕ ወደ ሽመና ማሽን ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ ክር ሲጠፋ ወረቀት የሚቆርጥና የሚያጥፍ ማሽን መሥራት ጀመረ፤ ከዚያ ማባዣ መጣ፣ በመጨረሻም ኮፒ ማሽን። «ሰዎች ይሄ ከዚያ ጋር ምን አገናኘው ይላሉ» አሉ ኖዳ-ሳን፤ «ውሃም፣ ክርም፣ ወረቀትም ሥራው አንድ ነው። በዚህ የገባው ሳይጨማደድ በዚያ መውጣት አለበት።»

«ውሃ ይጨማደዳል እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

«ፓምፑ መጥፎ ከሆነ፣ አዎ» አሉኝ፣ ፈገግ ሳይሉ።

ከታሪኩ ሁሉ ደጋግመው የሚነግሩን የአንድ ገበሬ ነገር ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ፓምፖች አንዱ ሲሰበር ገበሬው መሥራቹን ላለማሳዘን «እኔ ነኝ ዘይት ያልቀባሁት፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አለው። መሥራቹ አመነና በዚያው ዓይነት ሌሎች ፓምፖች ሠራ። በተከታዩ በጋ ሁሉም ተሰበሩ፤ የመንደሩ ሩዝ ደረቀ። «ያ ገበሬ ክፉ ሰው አልነበረም» ይሉ ነበር ኖዳ-ሳን። «ጨዋ ነበር። የጎዳን ጨዋነቱ ነው።» እኔ በልቤ ይሉኝታ ማለታቸው ነው አልኩ። ለካ ጃፓንም አለ ብዬ ገረመኝ።

የካርዱ ሥርዓት የመጣው ከዚያ ነው። እያንዳንዱ ማሽን የፊት በሩ ውስጥ ኪስ አለው፤ በኪሱ ውስጥ ካርድ አለ። ካርዱ ሦስት ዓምድ ነው፦ ተጠቃሚው ያለው፣ አንተ ያየኸው፣ አንተ ያደረግከው። ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጠረጠርከውን መጻፍ ክልክል ነው። ያየኸውን ብቻ ትጽፋለህ። ቅጂው አንዱ ለደንበኛው ይሰጣል፣ ሌላው ፋብሪካ ይሄዳል። «ከባሕሩ ማዶ ማሽኑን ያላየ ሰው ተቀምጧል» ይሉን ነበር። «ዓይኑ እናንተ ናችሁ።»

የኖዳ-ሳን አሠራር አሁንም እጄ ላይ አለ። አንድ ቢሮ ሲገቡ መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ማሽኑ ሳይሆን ቀኑን ሙሉ እሱ አጠገብ ወደሚቆመው ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁን አይደለም፣ ኮፒ የምታነሳዋን ልጅ ነው የሚጠይቁት። «ድምፁ ከመቼ ጀምሮ ተለወጠብሽ?» ይሏታል። ከዚያ መዳፋቸውን የማሽኑ ጎን ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ሃያ ገጽ ያህል ያዳምጣሉ። ቀጥሎ ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ ያነጥፉና ብሎኖቹን በተፈቱበት ተራ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረድራሉ። ሲጨርሱ ጨርቁ ላይ አንዲት ብሎን ተርፋ አታውቅም። የዱቄት ቀለሙን በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው እድሜ ልኩን እጁ ጥቁር ነው እያሉ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ያስታጥቡን ነበር። እኔ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙውን ያዝኩ። ጎበዝ ነበርኩ፤ ይህን መደበቅ አልችልም፣ እሳቸውም አይደብቁትም ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። አንድ ረፋድ ዳውንታውን ኦክላንድ ካለ የጠበቆች ቢሮ ተጠራሁ። በማግስቱ ፍርድ ቤት የሚገባ ብዙ ሰነድ ነበራቸው፣ ማሽኑ ግን ቆሟል። ኮፒ ክፍሉ ውስጥ የጠበቀችኝ መሠረት ናት፤ ሁለት ልጆች ያሏት፣ እዚያው ኦክላንድ ካለ የአማርኛ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን አንዷ። ባለቤቷን አውቀዋለሁ። ስታየኝ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ጋሽ ታዬ! እግዚአብሔር ነው ያመጣዎት።» በሩን ገፋ አደረገችው። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት። አለቃዬ ትራንስፓረንሲ ላይ፣ ያ ብርሃን የሚያሳልፈው ላስቲክ ላይ፣ ኮፒ አድርጊልኝ አለችኝ። ሳጥኑ ባዶ ነው። ሰፕላይ ሩም ገብቼ ያገኘሁትን ላስቲክ አስገባሁ። ለካ የሪፖርት ሽፋን ነው፣ ውስጥ ገብቶ ቀለጠ።»

«ነገርሻቸው?»

«ኧረ እንዴት ብዬ! ጄም አደረገ፣ ወረቀት ያዘ ነው ያልኳቸው። ፕሮቤሽኔ፣ የሙከራ ጊዜዬ፣ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ፋየር ቢያደርጉኝስ? የሱ ሥራ ብቻውን ሬንት አይከፍልም። ምን ይሻለኛል ጋሼ?»

እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ፤ ዋሽልኝ አላለችኝም። ምን ይሻለኛል ነው ያለችኝ። እኔ ነኝ «ዝም በይ፣ እኔ አለሁ። ማሽኑ ነው ያጠፋው» ያልኳት። ይህን ስል ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ትልቅ ሰው ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ ነው።

ማሽኑን ከፈትኩት። ቀለሙን በሙቀት ወረቀቱ ላይ የሚያጣብቅ፣ ፊውዘር የምንለው ክፍል አለ፤ ዋናው ነገር የሚሞቅ ጥቅል ብረት ነው። ላስቲኩ እዚያ ላይ ቀልጦ ተጠምጥሟል። ሽታው ብቻውን ይናገራል። ጥቅሉን ቀይሬ ማሽኑን አስነሳሁ። ከዚያ ካርዱን አወጣሁ። «ትክክለኛ ያልሆነ ላስቲክ ገብቶ ቀልጧል» ብል የካርዱ ቅጂ የሚሄደው ለመሠረት አለቃ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓምድ ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ የሙቀት መቆጣጠሪያው ኃይሉን አልቆረጠም፣ ጥቅሉ ከመጠን በላይ ግሎ ልባሱ ቀልጧል።

የሙቀት መቆጣጠሪያው የምስር ፍሬ የምታክል ዕቃ ናት። ውሸቱም የሷን ያህል ትንሽ መሰለኝ። የተበላሸ ዕቃ ወደ ፋብሪካ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ላስቲክ የተጠመጠመበትን ጥቅል በጋዜጣ ጠቅልዬ ሕንፃው ጀርባ ካለው ቆሻሻ መጣያ ጣልኩት፤ በምትኩ ከሌላ ማሽን ወጥታ ቫኔ ውስጥ የነበረች አሮጌ መቆጣጠሪያ ላይ ታግ አስሬ ላክሁ። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንዲት ያገር ልጅ ከነቤተሰቧ አዳንኩ አልኩ። ዛሬ ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ያ ደስታዬ ነው።

ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል። የኔው እያደር ከበደ። በሦስተኛው ሳምንት ኖዳ-ሳን ጠረጴዛቸው አጠገብ አስቀመጡኝ። ፋብሪካው የዚያን ሞዴል ማሽን ወደ ውጭ መላክ አቁሟል አሉኝ። መቆጣጠሪያው ካልቆረጠ ማሽኑ በእሳት ሊያያዝ ይችላል፤ በእሳት ደግሞ ቀልድ የለም። ሁለት ኢንጂነሮች ከጃፓን እየመጡ ነው። ከፋብሪካው ደውለው «ይህን የጻፈው ሰው ይታመናል?» ብለው ጠይቀዋቸው ነበር። «እኔ ያሠለጠንኩት ነው፤ አየሁ ካለ አይቷል» ብለው መልሰዋል።

«ታዬ-ሳን፣ ሁለተኛው ዓምድ ላይ የጻፍከው ያየኸውን ነው?»

«አዎ» አልኩ።

ኢንጂነሮቹ መጡ። ወጣቶች ናቸው፤ የወሎ ሰው እንኳ እንደነሱ ትሑት አይሆንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በቫኔ ይዣቸው ዞርኩ፣ ኦክላንድ፣ እዚሁ ካሊፎርኒያ ያለችው ኒውአርክ፣ ሳንታ ክላራ። በየቢሮው ያንን ሞዴል እየፈቱ መቆጣጠሪያውን ያግላሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። ሁሉም በሰዓቱ ይቆርጣል። ምሳቸውን ቆመው ይበላሉ። በየቀኑ ስንለያይ ጉድለቱን ስላገኘሁላቸው ጎንበስ ብለው ያመሰግኑኛል። አንደኛው እዚህ እያለ ሚስቱ ጃፓን ወለደች። በፋክስ የመጣለትን የሕፃን ፎቶ፣ ጥቁርና ነጭ፣ አፍንጫው እንኳ በቅጡ የማይለይ፣ ቫን ውስጥ አሳየኝ። «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ያኔ ብናገር ኖሮ በማግስቱ አውሮፕላን ይሳፈር ነበር። ቫኑን አስነሳሁና ወደ ቀጣዩ ቢሮ ነዳሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ኖዳ-ሳን የጠበቆቹን ቢሮ ራሳቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ላድርስዎት ብላቸው እምቢ አሉ፤ በባቡር ብቻቸውን ሄዱ። መሠረት እንዳትናገር ፈራሁ፣ ግን ለራሷ ስትል ዝም ትላለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ከምሳ በኋላ መኪና ማቆሚያው ዳር ጠሩኝ። ሁለታችንም ቆመናል። ኮታቸውን ቆልፈዋል።

«አንድ ጊዜ ብቻ ደግሜ እጠይቅሃለሁ» አሉኝ። «ያየኸው ነው?»

ረጅም ጊዜ ጠበቁኝ። አንድ መኪና ወጣ፣ ሌላ ገባ። እውነቱን ልናገር አፌን የከፈትኩ ይመስለኛል። ግን መሠረትን ብቻ አልነበረም ያሰብኩት። ስለ መሠረት ቢሆን ኖሮ ፕሮቤሽኗ ያን ጊዜ አልቆ ነበር። ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው፤ ኢንጂነሩ ታዬ ውሸታም ተብሎ ሲባረር፣ ያገር ሰው ሲሰማ።

«አዎ» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ማሽን ሲያዳምጡ እንደሚያደርጉት ነው። «ገባኝ» አሉና ገቡ። አመኑኝ ብዬ ተነፈስኩ።

ሰኞ ጠዋት ሁላችን በተሰበሰብንበት ተነሱ። የተጠረጠረው ጉድለት እንደሌለ፣ ካርዱን ሳያጣሩ ያሳለፉት እሳቸው እንደሆኑ፣ ለፋብሪካው የይቅርታ ደብዳቤ ጽፈው እንደፈረሙ ነገሩን። «ስህተቱ የኔ ነው» ብለው ወገባቸውን አጥፈው ሰገዱልን። እኔ ከፊታቸው ተቀምጬ ነበር። ጸጉራቸው መሐል ላይ እንደሳሳ ያየሁት ያን ቀን ነው። አልተነሳሁም።

ከአሠልጣኝነት አንስተው ኒውአርክ ያለው የመለዋወጫ መጋዘን መደቧቸው። ዶን ጠርቶ በቦታቸው እንድሠራ ሲጠይቀኝ ለይስሙላ አመነታሁ። «ኖዳ ነው ያንተን ስም የሰጠኝ» አለኝ። «አንተ ካሁን በኋላ ከማንም ይበልጥ እንደምትጠነቀቅ ነግሮኛል።» ምን ማለታቸው እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፣ ወይም እንዲገባኝ አልፈለግሁም። ሳን ሆዜ ተዛወርኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ነጭ ጨርቅ እያነጠፍኩ፣ የገበሬውን ታሪክ እየተረክሁ፣ «ያያችሁትን ብቻ ጻፉ» እያልኩ አስተማርኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርኩ ይላሉ።

ኒውአርክ ዕቃ ለመውሰድ ስሄድ ኖዳ-ሳን ግራጫ ጋውን ለብሰው ይጠብቁኛል። ዕቃውን በሁለት እጃቸው ነው የሚያቀብሉኝ። «ልጅህ ሐና እንዴት ናት?» ይሉኛል። ደህና ናት እላቸዋለሁ። ከዚያ ሌላ የምናገረው ያለኝ ይመስል ትንሽ ቆም ይሉልኛል። እኔ ፈርሜ እወጣለሁ። ኋላ ኋላ ሌሎችን መላክ ጀመርኩ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው እያልኩ። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ሽኝቱ ላይ አልተገኘሁም። ታምሜያለሁ ብዬ ነው የቀረሁት፤ አልታመምኩም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ሳንታ ክላራ ሠርግ ተጠርቼ መሠረትን አገኘኋት። ያው ቢሮ ውስጥ አድጋ ሱፐርቫይዘር ሆናለች። አጠገቤ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እርስዎን ባየሁ ቁጥር ያ ላስቲክ ትዝ ይለኛል» ብላ ሳቀች። «የሚገርመው በማግስቱ ለአለቃዬ ነገርኳት እኮ። ጸሎት ላይ ቁጭ ብዬ ሕሊናዬ እምቢ አለኝ። ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹ኔክስት ታይም አስክ ሚ!› ሌላ ጊዜ ጠይቂኝ፣ አለቀ። ሌላ ነገር የለም።»

ሳይቸግር ጤፍ ብድር። አንድ ቀን ብቻ ብጠብቅ ኖሮ ውሸቱ እንኳ አያስፈልግም ነበር። ይህን ለማሰብ ጊዜ ሳትሰጠኝ ቀጠለች።

«ያ ጃፓናዊ ሽማግሌ ደግሞ እንዴት ያሉ ጌታ ናቸው! ቀጥታ እኔ ጋ መጥተው ማሽኑ ምን ሆኖ ነበር አሉኝ፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ‹ለታዬ-ሳን እንደነገርሽኝ አትንገሪው› ብለው ለመኑኝ። ‹ራሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጠብቃለሁ› አሉኝ። ከዚያ እኔም ቃሌን ጠብቄ ይኸው ስንት ዓመት!» ፊቴን አየችኝ። «ነገሯቸው አይደል?»

«አዎ» አልኳት።

መኪና ማቆሚያው ዳር ቆመው ሲጠይቁኝ ያውቁ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ዕቃ ሲያቀብሉኝ፣ ቆም ሲሉልኝ፣ ስለ ሐና ሲጠይቁኝ፣ ሁሉንም ጊዜ ያውቁ ነበር። ሠርጉ ላይ የቀረበልኝን ምግብ አልቀመስኩም።

ኖዳ-ሳን አሁን ሳን ሆዜ ከባለቤታቸው ጋር ይኖራሉ። ቤታቸውን አውቀዋለሁ፤ በመንገዳቸው ሁለት ጊዜ በመኪና አልፌያለሁ። በሁለተኛው ጊዜ በር ላይ ቆመው አትክልት ያጠጡ ነበር። ፍጥነቴን አልቀነስኩም።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለሐና አነበብኩላት። እሷ እዚህ ነው የተወለደችው፤ አማርኛ ትሰማለች፣ ማንበብ ግን አትችልም። ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ኢዝ ሂ ስቲል አላይቭ?» አለችኝ።

«በሕይወት አሉ። ሳን ሆዜ፣ ከዚህ ሃያ ደቂቃ ነው።»

«ካን ሂ ሪድ አማርኛ?»

«ማንበብ አይችሉም» አልኳት።

እጄ ላይ ያሉትን ወረቀቶች አየቻቸው፤ ከዚያ እኔን። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ካርድ ስጽፍ መኖሬን ታውቃለች።

«ሶ አር ዩ ጎይንግ ቱ ሲ ሂም?»

«አዎ» አልኳት። «ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ያ ቅዳሜ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆነው።